ምልክት ወይስ መንሥኤ? ስለ አንድ ፕሮቲንና ስለ ማኅፀን በር ካንሰር

ባለፈው የትምህርት ዘመን መጨረሻ ገደማ አንድ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ከክፍል በኋላ ወደ ቢሯችን መጣ። በእጁ የያዘው ግን የፊዚክስ ጥያቄ አልነበረም። በሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል የምትማር ታላቅ እኅቱ ለሴሚናር የመረጠችውን የጥናት ጽሑፍ አጣጥፎ ይዟል። ጽሑፉ የግንደ ሕዋስ ጠቋሚ የሆነ አንድ ፕሮቲን የማኅፀን በር ካንሰርን እድገት እንደሚያፋጥን የሚያትት ነው። የተማሪው ጥያቄ አጭር ነበር፦ ‹‹መምህር፣ ጠቋሚ ማለት ምልክት ማለት ከሆነ ምልክት እንዴት ተከሳሽ ይሆናል? በጆንያ ላይ ማኛ ተብሎ ስለ ተጻፈ ጤፉን ማኛ ያደረገው ጽሑፉ ነው አይባልም።››

ሙያችን ፊዚክስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ሆኖም ጥያቄው የሳይንስ ሁሉ መሠረታዊ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ሲታዩ አንዱ የሌላው ምልክት ነውን? መንሥኤው ነውን? ወይስ ሁለቱም የሦስተኛ ነገር ውጤቶች ናቸው? ይህን አለመለየት በፈተና ወረቀት ላይ ጥቂት ነጥብ ያስቀንሳል፤ ከፈተና ክፍል ውጭ ግን ሕይወት ያስከፍላል። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርለት ሐሳብ የሚከተለው ነው። በማኅፀን በር ካንሰር ታሪክ ውስጥ መንሥኤ ነው የተባለ አንድ ነገር ምልክት ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ ምልክት ነው የተባለ ሌላ ነገር ደግሞ የድርጊቱ ተካፋይ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱንም የለየው ሙከራ ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ተማሪ የትኛው ዕውቀት ገና ምርምር እንደሚሻ፣ የትኛው ደግሞ ዛሬውኑ ሥራ ላይ መዋል እንዳለበት ለማወቅ አይቸገርም።

ጠቋሚው እንዴት ተገኘ?

ግንደ ሕዋስ የምንለው ሲከፈል ራሱን የሚተካ፣ ከዚያም ባሻገር ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸውን ሕዋሳት የሚያስገኝ ሕዋስ ነው። የአንጀታችን ውስጠኛ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል፤ ቆዳችንም ሳያቋርጥ ይተካል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ግንደ ሕዋሳት ቍጥራቸው ጥቂት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም ከጎረቤቶቻቸው ብዙም አይለዩም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ግንደ ሕዋሳቱን ከብዙ ሺህ ሕዋሳት መካከል ለይቶ የሚያሳይ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ጠቋሚ የሚባለው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ፣ በዩትሬክት ከተማ፣ ኒክ ባርከር፣ ሃንስ ክሌቨርስና ባልደረቦቻቸው በአይጥ አንጀት ውስጥ ኤል.ጂ.አር.5 የተባለውን ፕሮቲን የተሸከሙ ሕዋሳትን በቀለም ለይተው ከእነርሱ የሚወለዱትን ሕዋሳት ተከታተሉ። በአንጀቱ ሽፋን ላይ ባሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ሥር የተቀመጡት እነዚህ ሕዋሳት መላውን ሽፋን የሚያድሱ ግንደ ሕዋሳት ሆነው ተገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላም የክሌቨርስ ቡድን እንዲህ ካለ አንድ ነጠላ ሕዋስ ተነሥቶ በቤተ ሙከራ ሳሕን ውስጥ ትንሽ የአንጀት አምሳያ አሳደገ። ኤል.ጂ.አር.5 የግንደ ሕዋስ ጠቋሚ የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ሕዋስ ለተመራማሪ ሲል ምልክት አይለጥፍም። ፕሮቲን መሥራት ጉልበት ይፈጃል፤ የተሠራ ፕሮቲንም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አለው። ኤል.ጂ.አር.5 የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየሰነጠቀ የሚያልፍ፣ ከውጭ የሚመጣ መልእክት የሚቀበል ተቀባይ ፕሮቲን ነው። የሚቀበለው መልእክተኛ አር-ስፖንዲን የተባሉት ፕሮቲኖች መሆናቸው የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። ጠቋሚነቱ ከታወቀ በኋላ ሥራው እስኪታወቅ አራት ዓመት ያህል አለፈ ማለት ነው። የተማሪያችን ግራ መጋባትም ከዚህ የመነጨ ይመስለናል። መጀመሪያ የወጣለት ስም የፕሮቲኑን ሥራ ሳይሆን የተመራማሪዎቹን አጠቃቀም ይገልጻል።

በስሕተት የተከሰሰው ቫይረስ

ወደ ፕሮቲኑ ከመመለሳችን በፊት ከዚሁ በሽታ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ልናስታውስ እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ብዙ ተመራማሪዎች የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ዓይነት 2 የተባለው ቫይረስ ነው ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የተነሣ አልነበረም። በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ይህን ቫይረስ የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላት ከጤነኞቹ ይልቅ በብዛት ይገኙ ነበርና።

ጀርመናዊው ሐራልድ ዙር ሃውዘን ግን ክሱን ለመፈተን ቀላልና ጥብቅ መመዘኛ አቀረቡ። ቫይረሱ መንሥኤ ከሆነ የዘር ቅንጣቱ በካንሰሩ ሕዋሳት ውስጥ ሊገኝ ይገባል። ፈለጉት፤ አላገኙትም። ፊታቸውን ወደ ሌላ ቫይረስ፣ ኪንታሮት ወደሚያመጣው የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ቤተሰብ አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓይነት 16ን፣ በ1984 ደግሞ ዓይነት 18ን እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከማኅፀን በር ካንሰር ናሙናዎች ውስጥ አውጥተው አሳዩ። ለዚህም ሥራ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

ታዲያ ሄርፒስ ለምን ከበሽታው ጋር አብሮ ታየ? ሁለቱም ቫይረሶች በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋሉ፤ አንዱ ያገኛት ሴት ሌላውም ሊያገኛት ይችላል። ሄርፒስ ምልክት ነበር፤ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ነው። የፓፒሎማው ቫይረስ ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ያሠራል። ኢ6 ጉዳት የደረሰበትን ሕዋስ ከመከፈል የሚያግደውን ፒ53 የተባለ ፕሮቲን ያስወግዳል። ኢ7 ደግሞ አር.ቢ. የተባለውን ሌላ የሕዋስ ፍሬን ይፈታል። ሁለቱም ፍሬኖች የተፈቱበት ሕዋስ ቁልቁለት ላይ እንደ ቆመ ፍሬን አልባ መኪና ነው።

በዚህ ላይ የመጨረሻው ማረጋገጫ መጣ። መንሥኤው ሲታገድ በሽታው ይቀራልን? እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ የስኮትላንድ ጥናት፣ ገና በ12 ወይም በ13 ዓመታቸው ክትባቱን ከወሰዱት ሴቶች መካከል አንዲትም የተስፋፋ የማኅፀን በር ካንሰር ታማሚ አልተገኘችም። ቫይረሱ በዕጢው ውስጥ ተገኘ፤ የአሠራሩ መንገድ ታወቀ፤ ሲታገድም በሽታው ቀረ። መንሥኤ የሚለውን ቃል ያለ ማቅማማት ልንጠቀምበት የምንችለው እንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ሲሟሉ ነው።

ፕሮቲኑ በማኅፀን በር ምን ይሠራል?

መንሥኤው ከታወቀ ዘንድ ስለ ሌላ ፕሮቲን መነጋገር ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ቫይረሱ የያዛት ሴት ሁሉ በካንሰር የማትታመም መሆኗ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት መከላከያ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ቫይረሱን ያስወግደዋል። በሚቆይባቸው ጥቂት ሴቶች ዘንድም እስከ ካንሰር ያለው ጉዞ መከላከያቸው ጤናማ በሆኑት ዘንድ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ሌሎች ረዳቶች መኖራቸው አይቀርም። ቫይረሱ የሚገባውም በጥቃቅን ቍስል በኩል ወደ ማኅፀን በር ሽፋን የታችኛው ድርድር፣ የሚከፈሉት ሕዋሳት ወደሚገኙበት ነው። የግንደ ሕዋስ ጉዳይ በዚህ በሽታ የሚነሣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተማሪያችን እኅት የመረጠችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በቻይና የሺአን ከተማ ተመራማሪዎች የሠሩት ነው። የጥናቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል፤ የክርክራችን ምሰሶ እርሱ ነውና።

በመጀመሪያ ተመራማሪዎቹ ከጤናማ የማኅፀን በር፣ ገና ካልተስፋፋ ካንሰርና ከተስፋፋ ካንሰር የተወሰዱ ናሙናዎችን አነጻጸሩ። የኤል.ጂ.አር.5 መጠን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እየጨመረ ሄዶ አገኙት። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ የተማሪያችን ተቃውሞ ትክክል በሆነ ነበር። ሄርፒስም እኮ ከበሽታው ጋር አብሮ ታይቷል።

ቀጥለው ግን ነገሩን በእጃቸው ነኩት። ሂላና ሲሃ በተባሉ ሁለት የማኅፀን በር ካንሰር ሕዋሳት ላይ የፕሮቲኑን መጠን ዝቅና ከፍ አደረጉ። ሲጨምር ሕዋሳቱ በፍጥነት ተባዙ፤ ሲቀንስ አዘገሙ። በአይጦች ላይ በተተከሉ ጊዜም ዕጢ የማብቀል ኃይላቸው ከፕሮቲኑ መጠን ጋር አብሮ ወጣና ወረደ። በጆንያው ምሳሌ ብንናገር፣ ጽሑፉ ሲፋቅ ጤፉ የሚጠቁር ከሆነ ያ ጽሑፍ ጽሑፍ ብቻ አይደለም።

ስለ ሂላ ሕዋሳት አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። እነዚህ ሕዋሳት እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ከሄንሪዬታ ላክስ የተወሰዱ ናቸው። ይህች አፍሪካ አሜሪካዊት እናት ፈቃዷን ሳትጠየቅ ሕዋሷ ተወሰደ፤ እርሷም በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ አረፈች። ሕዋሳቷ ግን እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይባዛሉ። በውስጣቸውም ያ የፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነት 18 ይገኛል፤ በሲሃ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ዓይነት 16። ይህም ለክርክራችን አስፈላጊ ነው። ጥናቱ የተሠራው ቫይረሱ ፍሬኑን አስቀድሞ በፈታባቸው ሕዋሳት ላይ ነው። ስለዚህ ኤል.ጂ.አር.5 የመጀመሪያው መንሥኤ ነው ማለት አንችልም፤ መኪናውን ወደ ፊት ከሚገፉት አንዱ ነው ማለት ግን እንችላለን።

በሦስተኛ ደረጃ በምን መንገድ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በሕዋሳት መካከል ዊንት የሚባል የመልእክት መስመር አለ። መልእክቱ በማይኖርበት ጊዜ ቤታ ካቴኒን የተባለው ፕሮቲን እንደ ተሠራ ይፈርሳል። መልእክቱ ሲመጣ ግን ሳይፈርስ ተከማችቶ ወደ ኒውክለሱ ይገባና ሕዋስ እንዲከፈል የሚያዙ ጂኖችን ያነቃል። ኤል.ጂ.አር.5 ከአር-ስፖንዲን ጋር ሲጣመር የዊንትን ተቀባዮች ከሕዋሱ ገጽ እየጠረጉ የሚያነሡትን ፕሮቲኖች ከሥራ ያግዳቸዋል። ጠራጊዎቹ ሲታገዱ ተቀባዮቹ ይበረክታሉ፤ ሕዋሱም ያንኑ መልእክት አጉልቶ ይሰማል። የሺአን ተመራማሪዎች ኤል.ጂ.አር.5 ሲጨምር ይህ መስመር እንደሚነቃ፣ ሳይክሊን ዲ1 እና ሲ-ሚክ የተባሉት የመከፈል ፕሮቲኖችም እንደሚበዙ አሳዩ። መስመሩን ሲዘጉት ደግሞ በኤል.ጂ.አር.5 ምክንያት የመጣው የመባዛት ፍጥነት በእጅጉ ቀነሰ።

መስመሩ መንቃቱን ያወቁት እንዴት ነው? በሌሊት ከሚያበሩ ነፍሳት የተወሰደ ጂን በሕዋሱ ውስጥ ይገባል፤ መስመሩ ሲነቃ ሕዋሱ ብርሃን ይሰጣል፤ ብርሃኑም ይለካል። ዶክትሬታችንን በውጭ አገር በምንሠራበት ዘመን የሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ከእኛው ጋር አንድ ኮሪደር ይጋራ ነበር። ደካማ ብርሃን የሚለካው መሣሪያቸው በተበላሸ ቁጥር እኛን ይጠሩ ነበር። የፎቶን ቆጠራ የካንሰር ምርምር አካል መሆኑን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ኮሪደር ነው።

የማይክሮፎኑ ጩኸት

ፊዚክስ ለሚማሩ አንባቢያን ከሁሉ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው። በአንጀት ሕዋሳት በተደረጉ ጥናቶች የኤል.ጂ.አር.5 ጂን ራሱ በዊንት መስመር ከሚነቁት ጂኖች አንዱ መሆኑ ታውቋል። እንግዲህ ዊንት ኤል.ጂ.አር.5ን ያበዛል፤ ኤል.ጂ.አር.5 ደግሞ ዊንትን ያጐላል።

በአዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የሚሰማውን ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት የማያውቅ የለም። ማይክሮፎኑ ትንሽ ድምፅ ይቀበላል፤ ማጉያው ያጐላዋል፤ የጐላውን ማይክሮፎኑ መልሶ ይቀበላል። ዙሩ አንድ ጊዜ ሲጠናቀቅ ድምፁ ከነበረው ካነሰ ነገሩ በራሱ ይበርዳል። ከነበረው ከበለጠ ግን ጩኸቱ የሥርዓቱ ዐቅም እስከ ፈቀደ ድረስ ያድጋል። ጤናማ ግንደ ሕዋስ ጩኸቱን በልክ የሚይዙለት ጠራጊዎችና ፍሬኖች አሉት። እነዚህ በተፈቱበት ሕዋስ ዘንድ ዙሩ ልክ ሊያጣ ይችላል ብለን ብናስብ ከፊዚክስ ሕግ አንርቅም።

በእንዲህ ያለ ዙር ውስጥ ‹‹ምልክት ነው ወይስ መንሥኤ?›› የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለቱንም ይሆናል። ጭስ እሳት መኖሩን ያመለክታል እንጂ እሳቱን አያባብስም። ወናፍ ግን እሳት ባለበት ይገኛል፤ እሳቱንም ያባብሳል። ኤል.ጂ.አር.5 ከጭሱ ይልቅ ወናፉን ይመስላል። እሳቱን የለኰሰው ግን ቫይረሱ ነው።

የአንድ እናት ጥያቄ

በአደግንበት ሰፈር ልጆች ሁላችን ‹‹እትዬ›› እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት ነበሩ። ትምህርታችንን ፈጽመን በተመለስን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚህ በሽታ ታመሙ። ያለ ወቅቱ የሚፈሳቸውን ደም ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ከአንድ ዓመት በላይ ደብቀው ቆይተዋል። የጨረር ሕክምና ተራ ሲጠብቁ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ እንዲህ አሉን፦ ‹‹ልጄ፣ ባሕር ማዶ ድረስ ሄደህ የተማርኸው ስለ ጨረር ነው አሉኝ። እስቲ ንገረኝ፤ ይህ ማሽን ሁሉንም ነቅሎ ያወጣልኛል?››

ከኮባልት 60 የሚወጣውን ጨረር ጉልበት በቃላችን እናውቅ ነበር። በ5.27 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስም እናውቅ ነበር። ለጥያቄያቸው ግን መልስ አልነበረንም። እትዬ ዓመቱን አልጨረሱም። ቆይተን መልሱን በወረቀት ላይ ሠራነው፤ ስሌቱ ለመለስተኛ ተማሪም ቀላል ነው።

አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚያህል ዕጢ በግምት 1 ቢሊዮን ሕዋሳት ይኖሩታል እንበል። በየቀኑ 2 ግሬይ ጨረር ይሰጣል፤ በአንድ ቀን ከሕዋሳቱ ግማሹ ይተርፋሉ እንበል። ከ30 ቀን ሕክምና በኋላ የሚቀረው 1 ቢሊዮን ሲካፈል ለ2 እርከን 30፣ ማለትም አንድ ሕዋስ ያህል ነው። አሁን ደግሞ ከ100 ሕዋሳት አንዱ ግንደ ሕዋስ መሰልና ጨረርን የሚቋቋም ነው፣ በየቀኑም ከእነዚህ 70 በመቶው ይተርፋሉ ብለን እንገምት። 10 ሚሊዮን ሲባዛ በ0.7 እርከን 30፣ ከ200 በላይ ሕዋሳት ይሆናል። የቀሩትም ዕጢውን እንደ ገና የመትከል ችሎታ ያላቸው ናቸው። ቍጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ በተግባርም ሐኪሞች ከውጭ የሚሰጠውን ጨረር ከውስጥ ከሚሰጠው ጨረርና ሲስፕላቲን ከተባለው መድኃኒት ጋር ያጣምሩታል። ነገር ግን ግንደ ሕዋስ መሰል የካንሰር ሕዋሳት ጨረርን ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚቋቋሙ በልዩ ልዩ የካንሰር ዓይነቶች ታይቷል። ትርጕሙ ግልጽ ነው። ዕጢው ሲታይ መጥፋቱ ሥሩ መነቀሉን አያረጋግጥም። የግንደ ሕዋስ ጠቋሚዎችን ማጥናት ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እንዳንቸኩል

ይህን ያነበበ ተማሪ ‹‹እንግዲያው ኤል.ጂ.አር.5 ያላቸውን ሕዋሳት ብቻ ፈልጎ መግደል ነው›› ሊል ይችላል። እኛም ብንሆን በመጀመሪያ እንዲህ ብለን አስበን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጡ ሁለት ጥናቶች ተመራማሪዎች በአይጦች ውስጥ ባደገ የአንጀት ካንሰር ላይ ይህንኑ ሞክረዋል። ኤል.ጂ.አር.5 የተሸከሙት ሕዋሳት ሲገደሉ የዕጢው እድገት ተገታ ወይም ዕጢው አነሰ። ግድያው ሲቆም ግን ፕሮቲኑ ያልነበራቸው ሌሎች ሕዋሳት ፕሮቲኑን ማውጣት ጀመሩ፤ ዕጢውም ተመልሶ አደገ። ግንደ ሕዋስነት የትውልድ ማዕረግ ሳይሆን ወንበሩ ሲለቀቅ ሌላው የሚቀመጥበት ሹመት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚህ ላይ ይኸው ፕሮቲን ጤናማ አንጀታችንን የሚያድሱት ሕዋሳትም ንብረት ስለ ሆነ እርሱን ማጥቃት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

አንጀትና ማኅፀን በር የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱን ውጤት ለሌላው ማውረስ አይገባም። በሳሕን ውስጥ ባሉ ሕዋሳትና በአይጥ የታየውም ወደ ታማሚ አልጋ እስኪደርስ ረጅም መንገድ አለው። ይህን የምንለው ምርምሩን ለማናናቅ አይደለም። ለነገ የሚጠቅመው ዕውቀት በነገ ስፍራ፣ ለዛሬ የሚሆነውም በዛሬ ስፍራ እንዲቀመጥ ስለምንሻ ነው።

ዛሬ በእጃችን ያለው

በዓለም የጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 660 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ 350 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ከሟቾቹ ከ10 ከ9 የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአገራችንም ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ካንሰር ይህ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ለነበረባት አገር፣ ከሕክምናው በፊት ያለው በር ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። አበው ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ማለታቸው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ያ በር ክፍት ነው። የቫይረሱ ክትባት በኢትዮጵያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች አንድ ጊዜ ብቻ በመከተብ እንዲሰጥ ተደርጓል። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ እናቶችም በጤና ተቋም ቀጭን የአሴቲክ አሲድ ቅብ ተደርጎላቸው የማኅፀን በራቸው በዓይን ሊመረመር ይችላል። ቅድመ ካንሰር የሆነው ሽፋን በደቂቃዎች ውስጥ ይነጣል፤ በወቅቱም ይወገዳል። የምርመራው ፈሳሽ ከማእድ ቤት ኮምጣጤ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ውስጥ ላለ ሴቶች ደግሞ በሽታው ፈጥኖ ስለሚመጣ ምርመራው ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

ሆኖም ክትባቱ መካን ያደርጋል፣ ያሳምማል የሚል ወሬ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይሰማል። ውድ ተማሪዎች፣ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ከተከተበች በኋላ ራሷን ብትስት፣ ‹‹ከክትባቱ በኋላ›› ማለት ‹‹በክትባቱ ምክንያት›› ማለት ነውን? መርፌ መፍራት፣ ቁርስ አለመብላት፣ በፀሐይ መሰለፍ የሉምን? ያልተከተቡትስ በዚያው ቀን ስንቱ ራሳቸውን ሳቱ? ሄርፒስን በስሕተት ያስከሰሰው አስተሳሰብና ክትባቱን በስሕተት የሚያስከስሰው አስተሳሰብ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው ስሕተት በቤተ ሙከራ መታረሙ ነው፤ ሁለተኛውን የምታርሙት ግን እናንተ ናችሁ፤ በቤታችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ እናቶቻችሁ በሚገባቸው ቋንቋ።

ለመምህራን ባልደረቦቻችንም አንድ ቃል አለን። የፊዚክስ ተማሪ ስለ ሕዋስ ሳይሰማ፣ የሥነ ሕይወት ተማሪ ስለ ዙር ማጉላት ሳይሰማ የሚመረቅበትን አሠራር ልናስተካክለው ይገባል። በሴሚስተር አንድ ጊዜ እንኳ ሁለቱ ትምህርት ክፍሎች አንድ የጥናት ጽሑፍ አብረው ቢያነቡ፣ እያንዳንዱንም ዓረፍተ ነገር ‹‹ይህ ታየ ነው ወይስ ተነካና ተፈተነ?›› እያሉ ቢመረምሩት ወጪው አንድ ክፍልና ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ለዚያ ተማሪ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልነገርነውም። ስለ ጆንያው፣ ስለ ወናፉና ስለ ማይክሮፎኑ ግን ተጨዋወትን። ሊወጣ ሲነሣ እኛም በተራችን አንድ ጥያቄ ጠየቅነው፦ ‹‹ከእኅትህ ሌላ ታናሽ እኅት አለህን?›› የ13 ዓመት እኅት በገጠር ከእናቱ ጋር እንደምትኖር ነገረን። ተከትባ እንደ ሆነ ግን አላወቀም። ጽሑፉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ስልኩን እያወጣ ከቢሯችን ወጣ።